አማራጭ የተሽከርካሪ መድንና የባለንብረቱ ድርሻ፦ የዋጋ ለውጥ ያስከተለው የሽፋን ክፍተት

በአገራችን ማንኛውም ባለተሽከርካሪ በመንገድ ላይ ለመንቀሳቀስ የሦስተኛ ወገን መድን እንዲኖረው በሕግ ይገደዳል። ይህ ግዴታ በአዋጅ ቁጥር 559/2000 ተደንግጎ የነበረ ሲሆን፣ ይህንኑ በተካው በአዋጅ ቁጥር 799/2005 እንዲቀጥል ተደርጓል። ግዴታው በሚገባ የታወቀ ቢሆንም፣ ከግዴታው በላይ በባለንብረቱ ፈቃድ የሚገዙት አማራጭ ሽፋኖች ምን እንደሚያካትቱ፣ በተለይም በውሉ ውስጥ «ተቀናሽ» ወይም በተለምዶ «ኤክሰስ» ተብሎ የሚጠራው መጠን ምን ትርጉም እንዳለው በቂ ግንዛቤ አለ ለማለት አያስደፍርም። ባለፉት ዓመታት የተሽከርካሪና የመለዋወጫ ዋጋ በእጅጉ በመለወጡ፣ ይህ የግንዛቤ ክፍተት ዛሬ ቀድሞ ከነበረው የበለጠ ዋጋ ያስከፍላል።

የግዴታው መድን ወሰን

የሦስተኛ ወገን መድን ዓላማ በተሽከርካሪው ምክንያት በሌላ ሰው ላይ ለሚደርስ ሞት፣ የአካል ጉዳትና የንብረት ውድመት ካሣ መክፈል ነው። ተጎጂው አስቸኳይ ሕክምና እንዲያገኝም ሕጉ ያዛል። ጉዳት አድርሶ የተሰወረ ወይም መድን የሌለው ተሽከርካሪ ያደረሰው አደጋ ሲያጋጥም ደግሞ የመድን ፈንድ ተጎጂውን ይደግፋል።

ሁለት ነጥቦች ግን መዘንጋት የለባቸውም። አንደኛ፣ ይህ መድን የባለንብረቱን የራሱን ተሽከርካሪ አይጠግንም፤ ቢሰረቅ ወይም ቢቃጠልም አይተካም። ሁለተኛ፣ የካሣው መጠን በሕግ የተወሰነ ጣሪያ አለው። ከጣሪያው በላይ የሆነው ጉዳት በፍርድ ሲረጋገጥ ቀሪው ዕዳ የሚወድቀው በባለንብረቱ ላይ ነው። ውድ ተሽከርካሪዎች በበዙበት መንገድ ላይ ይህ ቀሪ ዕዳ ቀላል አይሆንም።

አማራጭ ሽፋኖች

የመጀመሪያው አማራጭ በተለምዶ «ኮምፕሪሄንሲቭ» የሚባለው ሙሉ ሽፋን ነው። ይህም በግጭትና በመገልበጥ፣ በቃጠሎ እንዲሁም በስርቆት በራስ ተሽከርካሪ ላይ የሚደርሰውን ጉዳት ያካትታል። ተሽከርካሪውን በባንክ ብድር የገዛ ሰው ብድሩ እስኪያልቅ ድረስ ይህን ሽፋን እንዲይዝ አበዳሪው በውል ያስገድደዋል። ሁለተኛው አማራጭ ከግጭት ውጭ ያለውን፣ ማለትም ቃጠሎንና ስርቆትን ብቻ የሚሸፍን በመሆኑ አረቦኑ ዝቅ ያለ ነው።

በእነዚህ ላይ በተጨማሪ አረቦን የሚጨመሩ ሽፋኖች አሉ። በአሽከርካሪውና በተሳፋሪዎች ላይ ለሚደርስ የግል አደጋ የሚሰጥ ካሣ፣ የሦስተኛ ወገን ኃላፊነትን ከሕጉ ጣሪያ በላይ የሚያሳድግ ሽፋን፣ እንዲሁም በሁከትና በብጥብጥ ለሚደርስ ጉዳት የሚሰጥ ሽፋን ይገኙበታል። «ሙሉ ሽፋን» የሚለው ስያሜ እነዚህን ሁሉ በራሱ ያካትታል ብሎ ማሰብ በተደጋጋሚ የሚታይ ስሕተት ነው። በውሉ ላይ በግልጽ ያልተጻፈ ሽፋን እንደሌለ ሊቆጠር ይገባል።

የአሌክትሪክ ተሽከርካሪ ባለንብረቶች የተለየ ጥንቃቄ ያስፈልጋቸዋል። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተወሰነ ወዲህ የእነዚህ ተሽከርካሪዎች ቁጥር ጨምሯል። የዋጋቸው ከፍተኛ ድርሻ ባትሪው ላይ ያረፈ በመሆኑ፣ ባትሪው ከሥር በመመታት ወይም ውሃ በመግባት ቢጎዳ በውሉ ይካተት እንደሆነ፣ የኃይል መሙያ መሣሪያውም ከተሽከርካሪው ጋር ተመዝግቦ እንደሆነ አስቀድሞ በጽሑፍ ማረጋገጥ ተገቢ ነው።

ተቀናሽ ምንድን ነው?

ተቀናሽ ማለት ጉዳት ሲደርስ መድን ሰጪው ከመክፈሉ በፊት ባለንብረቱ ከኪሱ የሚሸፍነው ድርሻ ነው። በሁለት መንገድ ይወሰናል፦ በቁርጥ ገንዘብ ወይም በጉዳቱ መቶኛ። ብዙውን ጊዜ ሁለቱ ተጣምረው «የጉዳቱ 10 በመቶ፣ ሆኖም ከ10 ሺህ ብር ያላነሰ» በሚመስል አገላለጽ ይጻፋሉ። በዚህ ምሳሌ መሠረት የጉዳቱ ግምት 60 ሺህ ብር ቢሆን 10 በመቶው 6 ሺህ ብር ቢሆንም፣ ባለንብረቱ የሚሸፍነው ዝቅተኛውን ወለል 10 ሺህ ብር ነው። ጉዳቱ 9 ሺህ ብር ከሆነ ግን መድን ሰጪው ምንም አይከፍልም። አሽከርካሪው በዕድሜ ወጣት ወይም መንጃ ፈቃዱ አዲስ ሲሆን ተቀናሹ ከፍ እንዲል የሚያደርጉ ውሎችም አሉ።

ባለንብረቱ ከፍ ያለ ተቀናሽ ለመሸከም ሲስማማ አረቦኑ ሊቀንስለት ይችላል። ምርጫውን በስሌት መመዘን ይቻላል። ተቀናሹን በ20 ሺህ ብር ማሳደግ በዓመት 6 ሺህ ብር አረቦን የሚያስቀር ከሆነ፣ የተቆጠበው ገንዘብ ተጨማሪውን ድርሻ ለመተካት ከሦስት ዓመት በላይ ይፈልጋል። ስለዚህ ከዚያ ባጠረ ጊዜ አደጋ የሚያጋጥመው፣ ለምሳሌ ቀኑን ሙሉ በከተማ የሚሠራ የታክሲ ባለንብረት፣ ዝቅተኛውን ተቀናሽ ቢመርጥ ይጠቀማል። ተሽከርካሪውን አልፎ አልፎ የሚያንቀሳቅስና ተቀማጭ ገንዘብ ያለው ሰው ግን ከፍተኛውን ሊመርጥ ይችላል። መመዘኛው አንድ ነው፦ ነገ አደጋ ቢደርስ ይህን ገንዘብ ሳይበደሩ መክፈል ይቻላልን?

ያልታደሰ ግምት የሚያስከትለው ጉዳት

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ ቀደም ሲል ከ60 ብር በታች የነበረው የአንድ ዶላር ምንዛሪ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። ተሽከርካሪም ሆነ መለዋወጫ በአብዛኛው ከውጭ የሚገባ በመሆኑ፣ ከዚያ በፊት በተገመተ ዋጋ እየታደሱ የመጡ የመድን ውሎች ከገበያው ወደኋላ ቀርተዋል። ዝቅ ያለ ግምት አረቦኑን ስለሚቀንስ የሚመርጡት ባለንብረቶችም አሉ።

ውጤቱ የሚታየው ግን አደጋ ሲደርስ ነው። ንብረቱ ከትክክለኛ ዋጋው በታች ተገምቶ መድን ሲገባለት፣ ባለንብረቱ ላልተሸፈነው ክፍል ራሱ መድን ሰጪ እንደሆነ ይቆጠራል፤ ካሣውም በዚያው ንጽጽር ይቀነሳል። ለአብነት ያህል፣ የገበያ ዋጋው 2 ሚሊዮን 400 ሺህ ብር የሆነ ተሽከርካሪ በ1 ሚሊዮን 200 ሺህ ብር መድን ተገብቶለታል እንበል። የ300 ሺህ ብር ጉዳት ቢደርስበት የካሣው መነሻ ግማሹ፣ 150 ሺህ ብር ይሆናል። ከዚህ ላይ 10 በመቶ ተቀናሽ ሲነሳ መድን ሰጪው የሚከፍለው 135 ሺህ ብር ነው። ባለንብረቱ ከጋራዥ ተሽከርካሪውን ለማውጣት ቀሪውን 165 ሺህ ብር ማሟላት ይኖርበታል። በዚህ ሁኔታ የክርክር ምንጭ የሚሆነው ተቀናሹ ሳይሆን ግምቱ መሆኑን ማስተዋል ይገባል፤ ከቀረው ገንዘብ ተቀናሹ የያዘው 15 ሺህ ብር ብቻ ነው።

በተቃራኒው ግምቱን ከዋጋው በላይ ማሳደግም ጥቅም የለውም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ የንብረት መድን የመካሻ ውል መሆኑን ስለሚደነግግ፣ ካሣው ከደረሰው ጉዳት ሊበልጥ አይችልም። ትርፉ ያለ አግባብ የተከፈለ አረቦን ብቻ ይሆናል።

ውል ከመፈረሙ በፊትና ከአደጋ በኋላ

ባለንብረቶች ውላቸውን ሲያድሱ የሚከተሉትን እንዲያረጋግጡ ይመከራል፦

1. የተሽከርካሪው ግምት ከወቅቱ የገበያ ዋጋ ጋር የተመጣጠነ መሆኑን፤
2. ተቀናሹ በመቶኛና በዝቅተኛ ወለል ስንት እንደሆነ፣ ለስርቆትና ለግጭት የተለያየ እንደሆነም፤
3. ተሽከርካሪው የሚሰጠው አገልግሎት በትክክል መገለጹን፤ ለቤት አገልግሎት ተብሎ መድን የተገባለት ተሽከርካሪ በክፍያ ሰው ሲያመላልስ አደጋ ቢደርስበት የካሣ ጥያቄው ውድቅ ሊሆን ይችላል፤
4. ተጨማሪ ሽፋኖቹ በቃል ሳይሆን በውሉ ወይም በአባሪው ላይ መስፈራቸውን።

አደጋ ሲደርስ ለትራፊክ ፖሊስና ለመድን ሰጪው ሳይዘገይ ማሳወቅ፣ ያለ መድን ሰጪው ፈቃድም ጥገና አለማስጀመር ያስፈልጋል። ጥፋቱ የሌላ አሽከርካሪ ከሆነ ባለንብረቱ የከፈለውን ተቀናሽ ከጥፋተኛው የመጠየቅ መብት ስላለው፣ የፖሊስ ሪፖርቱንና የክፍያ ደረሰኙን መጠበቅ ይኖርበታል። ከመድን ውል የሚመነጭ የክስ መብት በንግድ ሕጉ መሠረት በሁለት ዓመት ይርጋ የሚታገድ በመሆኑም ክርክርን በቀጠሮ ብቻ ማሳለፍ መብትን ያሳጣል።