የመቅደላ ሐራጅ ዛሬም አልተዘጋም!

መኪና ያለው የአዲስ አበባ ሰው ሁሉ የሚያውቃት ቀልድ መሳይ እውነት አለች። ማታ ስፖኪዮህ ይነቀላል። ጠዋት ሶማሌ ተራ ትወርዳለህ። አንዱ ጎረምሳ «ምን ልታዘዝ ጋሼ?» ይልሃል። የመኪናህን ሞዴል ትነግረዋለህ። ወደ ጓዳ ገባ ብሎ የራስህን ስፖኪዮ አቧራውን እየጠረገ ያመጣልሃል። ግቢ ስትገባ በሩ ላይ ያስጫርከው ጭረት ሳይቀር አለበት። «የኔ ነው» ብትል ማስረጃ አምጣ ነው። ትከራከራለህ፣ ትንሽ ይቀንስልሃል፣ ከፍለህ ትወጣለህ። ለባለቤትህም «በርካሽ አገኘሁት» ትላታለህ።

ስፖኪዮ ነው፤ ይሁን። ግን ይኸው ንግድ በንጉሥ ዋንጫ፣ በቤተ ክርስቲያን ብራና፣ በአርበኛ ጋሻ ላይ ሲሠራና ሻጩም ከረባት አስሮ፣ ካታሎግ አሳትሞ፣ ጠረጴዛ በመዶሻ እየመታ ሲሆን ስሙ ይለወጥና «የጥንታዊ ዕቃዎች ጨረታ» ይባላል። ለመሆኑ ከሶማሌ ተራው ልጅ በምን ይለያል? የሶማሌ ተራው ልጅ ቢያንስ ዕቃው ከየት እንደመጣ ሲጠየቅ ዓይኑን ይሰብራል። የእንግሊዙ ሐራጅ ባይ ግን ከየት እንደተዘረፈ በካታሎጉ ላይ ጽፎ ያሳትመዋል። ለምን? ዋጋ ይጨምራላ!

ማጋነን የመሰለው ካለ ይህን ይስማ። በ2024 መጀመሪያ ላይ እንግሊዝ አገር ኒውካስል በሚገኝ አንድ የጨረታ ቤት አንድ የኢትዮጵያ ጋሻ ለሽያጭ ቀረበ። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ ዘራፊው የመዘገበው በራሱ ካላንደር ነውና።) ጋሻው ላይ «መቅደላ፣ ኤፕሪል 13 ቀን 1868» የሚል ጽሑፍ ተቀርጾበታል። በእኛ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መሆኑ ነው። አጼ ቴዎድሮስ ለጠላት እጄን አልሰጥም ብለው ራሳቸውን የሰዉባት ቀን! ወገን፣ ሰው ቤት ሰብሮ የገባበትን ቀን በሰረቀው ዕቃ ላይ የሚቀርጽ ሌባ የት አገር አለ? የቀበሌ ፖሊስ እንኳ እንዲህ ያለ ኤግዚቢት ቢያገኝ ምርመራውን በግማሽ ሰዓት ይዘጋው ነበር። ለንደንና ኒውካስል ሲሆን ግን ያ ጽሑፍ የወንጀል ማስረጃ መሆኑ ቀርቶ የጥራት ማኅተም ሆነ።

አንዳንድ የተማሩ ሰዎች «የተዘረፈው ሙዚየም የገባው ነው፤ በጨረታ የሚሸጠው የግለሰብ ንብረት ነው» ይሉናል። ድንቄም የግለሰብ ንብረት! ታሪኩን ከሥሩ እንየው። የመቅደላ ዝርፊያ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በሐራጅ የተጠናቀቀ ዝርፊያ ነው።

የጄኔራል ናፒየር ጦር አምባው ላይ ሲወጣ አጼ ቴዎድሮስ ለመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ብለው ከጎንደርና ከሌላም ቦታ ያሰባሰቧቸው መጻሕፍትና ንዋየ ቅድሳት እዚያው ነበሩ። ወታደሩ እጁ የደረሰበትን አፈሰ። ከዚያ በኋላ የተዘረፈው ሁሉ በ15 ዝሆኖችና 200 በሚጠጉ በቅሎዎች ተጭኖ ወደ ደላንታ ሜዳ ወረደ። እዚያ ሜዳ ላይ ኤፕሪል 20 እና 21 ሁለት ቀን ሙሉ ሐራጅ ተባለ! የሰባራ ወንበር ሐራጅ መስሎህ እንዳይሆን፤ መስቀል፣ ጽና፣ ብራና፣ ዘውድ ነው። የተገኘው ገንዘብ 5,000 ፓውንድ አካባቢ ሲሆን ለሠራዊቱ ተከፋፈለ። ለአንዱ ወታደር የደረሰው በማርትሬዛ 4 ብር ገደማ ነው። አራት ብር!

ከገዢዎቹ ዋነኛው ከጦሩ ጋር አብሮ የመጣ ሪቻርድ ሆምስ የሚባል የብሪቲሽ ሙዚየም ሰው ነበር። ወደ 350 የሚሆኑ የብራና መጻሕፍት በእሱ በኩል ለሙዚየሙ ገቡ። ዛሬ ለንደን በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም በመስታወት ውስጥ የምናየውን የወርቅ አክሊልም ያገኘው ከአንድ ወታደር ላይ በ4 ፓውንድ ነው። ልብ በሉ፤ አልሰረቀም፣ «ገዛ»! ደላንታ ሜዳ ላይ የተሠራው አስማት ይኸው ነው። ጠዋት ዘራፊ የነበረው ማታ ነጋዴ ሆኖ አደረ፤ የተነጠቀው ዕቃ ደረሰኝ ተቆረጠለት። ከዚያ ወዲህ በተካሄደ እያንዳንዱ ጨረታ በደረሰኝ ላይ ደረሰኝ እየተደረበ ይኸው ከ150 ዓመት በላይ ሆነው። ዛሬ «በሕጋዊ መንገድ የተገኘ» የሚሉን ያቺን የደላንታን ደረሰኝ ይዘው ነው።

እኛ ብቻ አይደለንም እንዲህ የምንለው። የራሳቸው ጠቅላይ ሚኒስትር ግላድስተን በ1871 ፓርላማቸው ውስጥ ቆመው እነዚህ ዕቃዎች በእንግሊዝ ጦር ተወስደው መምጣታቸው በጣም እንዳሳዘናቸው ተናግረዋል። ገና ከሦስት ዓመት በኋላ መሆኑ ነው! ያኔ የገባቸው ነገር ለዛሬዎቹ ሐራጅ ባዮች እንዴት ተሰወረባቸው?

የኵርዓተ ርእሱን ነገር ግን ሳልናገር አላልፍም፤ አንጀቴን የሚያቃጥለኝ እሱ ነውና። የጌታችን የእሾህ አክሊል የደፋ ሥዕል ነው። የጎንደር ነገሥታት ጦር ሜዳ ይዘውት ይዘምቱ ነበር፤ መኳንንቱም ይምሉበት ነበር። በዳግማዊ ኢያሱ ጊዜ በ1744 በስናር ጦርነት ተማርኮ ነበርና በወርቅ ተዋጅቶ ሲመለስ ጎንደር በደስታ ተቀበለችው። መቅደላ ላይ ይህን ሥዕል ሆምስ አገኘው። ለሙዚየሙ አላስረከበም፤ ለራሱ ያዘው። በ1872 አጼ ዮሐንስ አራተኛ ክብረ ነገሥቱና ሥዕሉ ይመለሱልኝ ብለው ለእንግሊዝ ጻፉ። ክብረ ነገሥቱ ተመለሰ። ስለ ሥዕሉ ከንግሥት ቪክቶሪያ የመጣው መልስ ግን «ዱካው አልተገኘም» የሚል ነበር። በዚያን ጊዜ ሆምስ የት ነበር ብትሉ፣ ዊንድሰር ቤተ መንግሥት የንግሥቲቱ የቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ሆኖ ይሠራ ነበር! ዱካው የጠፋው ሥዕል የንግሥቲቱ ሠራተኛ እጅ ነው። አበስኩ ገበርኩ!

በ1905 የሥዕሉ ፎቶግራፍ በአንድ የሥነ ጥበብ መጽሔት ላይ ወጣና ጉዱ ተገለጠ። ሥዕሉስ ወዴት ሄደ? ወደ ሐራጅ! በ1917 ክሪስቲ በሚባለው የለንደን ጨረታ ቤት ተሸጠ። በ1950 እንደገና ተሸጦ ፖርቱጋል ገባ። ከዚያ ወዲህ በግለሰብ እጅ ነው። ሙዚየም የገባውን ቢያንስ ከመስታወት ማዶ ታየዋለህ፤ ትሟገትበታለህ፤ አድራሻ አለው። በመዶሻ ለግለሰብ የተሸጠ ግን በር ተዘግቶበት ይቀራል፤ የሚታየው ባለቤቱ ሲፈቅድ፣ ወይ ሲሞትና ወራሾቹ መልሰው ለሐራጅ ሲያወጡት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ብዙ ሰው ልብ ያላለው ነገር አለ። ሙዚየሞቹን ስንጠይቅ «ሕግ እጃችንን አስሮናል» ይሉናል። ብሪቲሽ ሙዚየም የ1963ቱን ሕግ እያወጣ ያሳየናል። ማንም እንዲያያቸው የማይፈቀዱ 11 ታቦታት እንኳ ዕቃ ቤት ቆልፎባቸው ይኸው ሕግ አይፈቅድልኝም ይላል። ቪክቶሪያና አልበርትም በ2018 «ለረጅም ጊዜ ላውሳችሁ» ብሎናል። ስፖኪዮህን በውሰት ውሰድ እንደማለት! እሺ፣ እነሱን ሕግ አስሯቸዋል እንበል። የጨረታ ቤቱንና የዘራፊውን የልጅ ልጅ ግን አትመልሱ ብሎ ያሰራቸው ሕግ የለም። የጎደላቸው ይሉኝታ ብቻ ነው። ስለዚህ ትግሉ ቶሎ ፍሬ የሚያፈራው ሙዚየም በር ላይ ሳይሆን ጨረታ አዳራሽ በር ላይ ነው።

ለዚህም ምስክር አለን። በ2021 ዶርሴት በሚባል የእንግሊዝ ክፍለ ሀገር ከመቅደላ የተወሰደ የብራና መጽሐፍና የቀንድ ዋንጫዎች ለጨረታ ሊቀርቡ ነበር። የተገመተላቸው ዋጋ 700 ፓውንድ ገደማ ነው። የኢትዮጵያ ኤምባሲ «ይህ የዘረፋ ዕቃ ነውና ሽያጩ ይቁም» ሲል ቆመ። የኒውካስሉ ጋሻም ጩኸቱ ሲበረታ ከጨረታ ወጣ። ያቆማቸው ሀፍረት ነው። አንድ ደብዳቤ ይህን ያህል ይሠራል!

ከዚያ በኋላ የሆነውን ግን ዝም ብዬ አላልፈውም። ሁለቱም በገንዘብ ተገዝተው ነው የተመለሱት። የዶርሴቱን ሼኸራዛድ ፋውንዴሽን የሚባል በጎ አድራጎት፣ ጋሻውን በልዑል ኤርሚያስ ሣህለ ሥላሴ የሚመራው ሮያል ኢትዮጵያን ትረስት ገዝተው ለአገር አስረከቡ። እጃቸው ይባረክ፤ እኔም ገንዘብ ቢኖረኝ ያንኑ አደርግ ነበር። የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። መግዛት ልማድ ከሆነ ሐራጅ ባዩ ምን ይማራል? «ኢትዮጵያውያን ይጮሃሉ፣ በመጨረሻ ግን ይከፍላሉ» ይላል። በየቤቱ ሰገነት የተጣለውን የአያቱን ዝርፊያ ሁሉ እያወጣ ዋጋ ይለጥፍበታል። በገዛ ዳቦዬ ልብ ልቡን አጣሁት ማለት ይኸ ነው። ደጋግ ሰዎች ቢገዙም የመንግሥት አቋም ግን አንድ መሆን አለበት፦ መዶሻው ከመውደቁ በፊት ተቃውሞ፣ ከዚያ በስጦታ መመለስ። ክፍያ የመጨረሻው መጨረሻ ነው።

ደግሞ ነገሩ የመቅደላ ብቻ መስሎን እንዳንዘናጋ። የብራና መጽሐፍ ሙሉውን ከመሸጥ ገነጣጥሎ መሸጥ ስለሚያተርፍ ቅጠል በቅጠል እየቀደዱ የሚቸረችሩት ነጋዴዎች አሉ። ዳዊት ይደገምበት የነበረ መጽሐፍ አንዱ ቅጠሉ አንድ አገር፣ ሌላው ሌላ አገር ሳሎን ውስጥ ይሰቀላል። ክታብም እንደዚያው ነው። ክታብ በባለቤቱ ቁመት ልክ የሚዘጋጅ፣ የክርስትና ስሙ የሚጻፍበት ነገር መሆኑን እናቶቻችን ያውቃሉ። የአንዲት ወለተ ማርያም ቁመትና ስም ነው እንግዲህ በኢንተርኔት የሚጫረቱበት። በ2022 የትግራይ ጦርነት ገና ሳያበቃ ከዚያው እንደተዘረፉ የተጠረጠሩ መጻሕፍት ኢቤይ ላይ ታይተዋል። ከአንድ ተኩል ክፍለ ዘመን በኋላ ዘራፊው ሲለወጥ ገበያው ግን ያው ነው።

በብዙ መጽሐፎቻችን ላይ ሰርቆ የሚወስደውና ስሙን የሚፍቀው የተወገዘ ይሁን የሚል ግዝት አለ። ግዕዝ የማያነብ ሐራጅ ባይ ይህንኑ «ጥንታዊ ጽሑፍ ያለበት» ብሎ ያስተዋውቀዋል። በራሱ ላይ የተጻፈውን ግዝት ለገበያ ማድመቂያ አደረገው!

አሁን ወደ ራሳችን ቤት እንግባ፤ የእኛን ጉድ ሸፍነን ፈረንጅ ብቻ ብንረግም አንባቢ ይታዘበናል። በ1989 ዓ.ም. የላሊበላው አፍሮ አይገባ መስቀል ከቤተ መድኃኔ ዓለም ጠፍቶ ቤልጅግ አገር ተገኘና በ1991 ዓ.ም. ተመለሰ። ናፒየር ነው እንዴ መጥቶ የወሰደው? ከመቅደስ እስከ አውሮፕላን በየእጁ ያለፈው በእኛው መካከል ነው። «ብትመልሱላቸው መልሰው ይሸጡታል» የሚሉን ፈረንጆች የሚጠቅሱት ይህን ነው። መልሱ ግን ቀላል ነው፦ ቤቴ በር ላይ ቁልፍ መላላቱ አንተን የዕቃዬ ባለቤት አያደርግህም። ቁልፉን ማጥበቅ ደግሞ የእኛ ሥራ ነው።

ሕግ አጥተን አይደለም። ከ1958 ዓ.ም. ጀምሮ የቅርስ አዋጅ አለን፤ አዋጅ ቁጥር 209/1992ም ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ይከለክላል። እንግዲያው ለጨረታ ቤቱ የሚቀርበው ጥያቄ አጭር ነው፦ ዕቃው መቼ ወጣ? ከአዋጁ በፊት ከሆነ በማን እጅ? ከአዋጁ በኋላ ከሆነ ፈቃዱ የታለ? ወረቀት ከሌለው የተሰረቀ ነው። ይህን ለመጠየቅ ባጀት አያስፈልግም። ካታሎግ የሚያነብ አንድ ሰው፣ ኢንተርኔት የማይቆራረጥበት አንድ ኮምፒውተርና አንድ ማኅተም ይበቃል።

እንግዲህ ባለሥልጣኖቻችንን የምንጠይቀው ይህንን ነው። የለንደንን፣ የፓሪስንና የኒውዮርክን የጨረታ ካታሎግ በየሳምንቱ የሚያነብልን ሰው ማነው? የትኛው ቢሮ፣ የትኛው ወንበር ላይ ነው የተቀመጠው? ባዛን ውስጥ ያለ ኢትዮጵያዊ ተማሪ ወይም ታክሲ ነጂ ድንገት በኢንተርኔት አንድ የግዕዝ መጽሐፍ ለጨረታ ቀርቦ ቢያይና ጨረታው ነገ ጠዋት ቢሆን ለማን ይደውላል? ስብሰባ ላይ ናቸው ሊባል ነው? ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚለው ተረት የተተረተው ለእኛ ነው እንዳይባል፣ የዚያን ሰው ስምና ስልክ ቁጥር ላኩልን። በዚሁ ገጽ ላይ በትልቁ፣ በነጻ እናወጣዋለን።