ቤቱ ባያልቅም ጓሮው ያስፈጥራል

በሀዋሳ መናኸሪያ ክፍለ ከተማ ካሉት ግቢዎች ወደ አንዱ ጎራ ብትሉ፣ ከቤቱ ኋላ ምን እንደሚጠብቃችሁ ሳታዩት መናገር ይቻላል። ለፎቅ ተብሎ የተገዛና የዛገ ፌሮ፣ ሣር የበቀለበት የአሸዋ ክምር፣ ግማሹ የተሰባበረ ብሎኬት፣ ውሃ ያቆረ አሮጌ ጎማ፣ አንድ እግሩ የጎደለ አልጋ። የቤቱን ጌታ "ይህ ሁሉ ምንድነው?" ብትሉት መልሱ አንድ ነው፤ "ቤቱ ሲሠራ ይነሳል።" ቤቱስ መቼ ይሠራል? "ኢንሻአላህ።"

በሰው ለመፍረድ አይደለም የማነሳው። የእኔም ጓሮ እስከ ሻዕባን ወር ድረስ ከዚህ የተለየ አልነበረም። ከስድስት ዓመት በፊት አሮጌውን ኩሽና አፍርሰን ሳሎኑን ልናሰፋ፣ ከኋላ ሦስት ሰርቪስ ክፍሎች ልንሠራ፣ በመሃሉም ሴራሚክ የለበሰ ሰፊ በረንዳ ልናወጣ አሰብን። ፌሮና ብሎኬት ገዛን፤ ከዚያ ገንዘቡ አለቀ። ትንሽ እንደገና ስናጠራቅም ደግሞ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ተደረገ፤ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ቤት መሥራት የጀመረ ሰው ሁሉ ያኔ የፌሮና የሴራሚክ ዋጋ ሲጠይቅ የተሰማውን ያስታውሳል። እኛም እቅዱን አጥፈን አስቀመጥነው።

እቅዱን ማስቀመጣችን ጥፋት አልነበረም። ጥፋቱ ከእቅዱ ጋር ሌላ ነገርም አብረን ማስቀመጣችን ነው።

በግድግዳ የምንዋሰናቸው ጎረቤቴ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር ነበሩ። ዕድሜያቸውን በሀዋሳና በአዲስ አበባ መካከል ሲመላለሱ የኖሩ ሰው ናቸው። ልጆቻቸው ከፊሉ አዲስ አበባ፣ ከፊሉ ባሕር ማዶ ሄደው በረመዳን ማዕድ ላይ የሚቀመጡት እሳቸውና ባለቤታቸው ብቻ ነበሩ። እኔ ደግሞ ረመዳን በገባ ቁጥር "ቤቱ ሲያልቅ አብረን እናፈጥራለን" እላቸዋለሁ። ሳሎናችን ጠባብ ነው፤ ልጆቻችንና ዘመድ ከተቀመጡበት ለእንግዳ ቦታ አይተርፍም፤ ጓሮው የሚያሳፍር ነው። እሳቸው ይስቁ ነበር። "ሼኽ፣ እኔ የምመጣው ለእናንተ ነው እንጂ ለሴራሚኩ ነው እንዴ?" ይሉኛል። ሦስት ረመዳን እንዲህ አለፈ። ከሦስተኛው በኋላ፣ ዐረፋ ሳይደርስ፣ ወደ አኼራ ሄዱ። ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን። ጀናዛቸው ላይ ያሰገድኩት እኔ ነኝ። በየጁሙዓው ስለ ጎረቤት ሐቅ የማስተምረው ሰውዬ፣ በአንድ ግድግዳ የተለየሁትን ጎረቤቴን አንድ ቀን አላስፈጠርኩም።

ያ ነገር ወደ ኪታቦቼ መለሰኝ። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) መዲና እንደገቡ የሠሩት መስጂድ ግድግዳው የጭቃ ጡብ፣ ምሰሶው የተምር ግንድ፣ ጣሪያው የተምር ቅርንጫፍ ነበር። ቂብላው ከበይተል መቅዲስ ወደ መካ ሲዞር ከኋላ የቀረው ጥላ ያለበት ቦታ ሱፋ ተባለ፤ ቤትና ዘመድ የሌላቸው ሶሐቦች፣ አቡ ሁረይራን ጨምሮ፣ የኖሩት እዚያ ነው። ያ ጣሪያ ዝናብ አይችልም ነበር። አቡ ሰዒድ አል ኹድሪይ እንዳስተላለፉት በአንድ ረመዳን በሃያ አንደኛው ሌሊት ዘንቦ መስጂዱ አፈሰሰ፤ ረሱልም (ሰ.ዐ.ወ) በውሃና በጭቃ ላይ ሰገዱ፤ ሲነጋ የጭቃው ምልክት ግንባራቸው ላይ ታየ። ዑመር (ረ.ዐ) መስጂዱን ያሰፉት በ17ኛው ዓመተ ሂጅራ ነው። በተጠረበ ድንጋይና በጥሩ እንጨት የሠሩት ደግሞ ዑስማን (ረ.ዐ) ናቸው፤ በ29ኛው። ትልቁ ግንባታ መጣ፤ ግን እስኪመጣ ድረስ ሶላቱ፣ ትምህርቱ፣ የድሃው መጠለያ አንድ ቀን አልተቋረጠም።

እንግዲህ በሻዕባን ወር ከሁለት ወንዶች ልጆቼ ጋር ወደ ጓሮው ወረድን። እውነቱን ለመናገር ነገሩን ያስጀመረችው ባለቤቴ ናት። "ሦስት ረመዳን ያፈጠርኩት ኩሽና ውስጥ ቆሜ ነው" አለችኝ። ሳሎኑ በወንድ እንግዳ ሲሞላ ሴቶቹ ከጭስ ጋር እንደሚቀሩ አውቅ ነበር፤ አውቄ ዝም ያልኩት ግን ይህንንም ቤቱ ሲያልቅ ይስተካከላል በሚል ነበር።

የመጀመሪያው ሥራ መለየት ነው። የሚጠቅመውን ፌሮና ደህናውን ብሎኬት በአንድ ጥግ ከመሬት ከፍ አድርገን ደረደርን፤ ቁርጥራጭ ብረቱንና አልጋውን ለቆራሌው ሰጠን፤ የተሰባበረውን ብሎኬት ለኋላ አቆየነው። ጎማዎቹን ስናነሳ ውስጣቸው ያለው ውሃ በትንኝ ዕጭ ተሞልቶ አገኘነው። ይህን ቀላል ነገር አድርጋችሁ አትዩት። ሀዋሳ ወባን የምታውቅ ከተማ ናት። በዚያ ላይ ስቴፈንሲ የምትባለው የትንኝ ዓይነት፣ እኛ ከለመድናት በተለየ፣ በከተማ ግቢ ውስጥ በበርሜል፣ በታንከርና በጎማ ውሃ የምትራባ ናት። በአገራችን መጀመሪያ የተገኘችው በ2016 እ.ኤ.አ በቀብሪ ደሃር ሲሆን፣ በ2014 ዓ.ም ድሬዳዋ ላይ ለተነሳው የወባ ወረርሽኝም ምክንያት ሆና ተገኝታለች። ለውዱእ ያስቀመጥነው በርሜል ክዳኑ ግጥም የሚል፣ ውሃውም በቧንቧ የሚቀዳ ያደረግነው ለዚህ ነው።

ቀጥሎ መሬቱ። የተሰባበረውን ብሎኬት ከሥር አነጠፍን፤ በላዩ አንድ የአህያ ጋሪ ገረጋንቲ ጨምረን፣ ውሃ እያርከፈከፍን በግንድ ጠቀጠቅነው። መሬቱ ከቤቱ መሠረት ወደ ውጭ በጥቂቱ እንዲያዘነብል አደረግን፤ ግን ወደ ጎረቤት ግቢ እንዳይፈስ ቦይ አውጥተንለታል። የራስን ጓሮ አድርቆ የጎረቤትን ማጨቅየት ለበጎ ሥራ አይቆጠርም። ሲሚንቶ አልነካንም። ለዳሱ ስምንት የባሕር ዛፍ አጣናና ከሲዳማ ደጋ የሚመጣው ቀርከሃ በቃን፤ በላዩ ሸራ። ጥላውን በምዕራብ በኩል ዝቅ አድርገን ሠራነው፤ ዐስር ላይ ፀሐይዋ በሐይቁ በኩል ፊት ለፊት ስለምትመታ ነው።

ቆርቆሮ ለምን አላለበሳችሁም ያለኝ ሰው ነበር። ረመዳን በየዓመቱ ከ10 እስከ 11 ቀን ወደፊት እየቀደመ የሚመጣ ወር ነው። ዘንድሮም ሆነ በሚቀጥሉት ጥቂት ዓመታት የሚውለው በበጋው ወራት ነው። አልፎ አልፎ የበልግ ዝናብ ቢያካፋ እንጂ ክረምት አያገኘንም። ለአንድ ወር ምሽት ሸራው ይበቃል፤ ሲያልቅ ታጥፎ ይቀመጣል።

ሰሌኑን ስታነጥፉ ቂብላውን አስቡ። ከሀዋሳ መካ ማለት ሰሜን ማለት ነው፤ ወደ ምሥራቅ በጥቂቱ ብቻ ያዘነብላል። ማዕዱን በደቡብ በኩል ካደረጋችሁ ሰሜኑ ለሶላት ይቀራል፤ የወንዶች ሶፍ ከፊት፣ የሴቶች ከኋላ፣ ሳህን ሳይነሳ መግሪብ ይሰገዳል። እኔ መስጂድ በተምር አፍጥሬ፣ መግሪብን አሰግጄ ስመለስ ቤተሰቡን የማገኘው አሁን በአንድ ቦታ ተቀምጦ ነው። ባለቤቴም ተቀምጣ።

ግንበኛ የሆነ ወዳጄ ሥራውን አይቶ "ጊዜያዊ ነገር ሁለት ጊዜ ያስወጣል" አለኝ። ልክ ነው፤ ሴራሚክ አንጥፎ ነገ ለሚያፈርሰው ሰው ልክ ነው። ገረጋንቲው ግን ነገ ለወለሉ መደልደያ ይሆናል፤ አጣናው ለግንባታው መወጣጫ ይሆናል። ደግሞም ሁሉን ነገር እናስተላልፍ ማለቴ አይደለም። ክዳኑ የተሰነጠቀ የሽንት ቤት ጉድጓድ፣ ያዘመመ ግንብ፣ ልጣጩ የተነሳ የመብራት ሽቦ ያለው ሰው ሰሌን ከማንጠፉ በፊት እሱን ያስተካክል። ልጆች የሚሮጡበት ቦታ ነውና በዚህ ላይ "ኢንሻአላህ" ብሎ መቀመጥ ተወኩል አይደለም፤ ቸልተኝነት ነው።

ተቃራኒው በሽታም አለ። ረመዳን መጣ ተብሎ ሶፋ በብድር የሚገዛ፣ ጓሮውን ፎቶ ለመነሻ በመብራት የሚያንቆጠቁጥ ቤት እያየን ነው። ከ2013 ዓ.ም ወዲህ በአዲስ አበባ የተለመደው ታላቁ የጎዳና ኢፍጣር ያማረው በሰዉ ነው፤ የሚቀመጠው አስፋልት ላይ በተነጠፈ ነገር ነው። ለኢፍጣር ተብሎ የተገባ ዕዳ ከዒድ በኋላ ቤት ውስጥ ጭቅጭቅ ሆኖ ሲመለስ፣ ለማስታረቅ የምጠራው እኔ ስለሆንኩ አውቀዋለሁ።

ስለ ገንዘብ ካነሳሁ አንድ ነገር ልጨምር፤ በየዓመቱ የምጠየቀው ነው። "ለቤት ማሠሪያ ያጠራቀምኩት ብር ዘካ አለበት ወይ?" አብዛኞቹ ዑለማዎች አለበት ይላሉ። ገንዘቡ የ85 ግራም ወርቅ ዋጋ ደርሶ የሂጅራው ዓመት ከዞረበት፣ ለቤት ብታስቡትም ለሐጅ፣ ከመቶ ሁለት ተኩል ይወጣል። ለራሳችሁ ቤት ገዝታችሁ ጓሮ የከመራችሁት ፌሮና ብሎኬት ግን፣ ለንግድ እስካልሆነ ድረስ፣ ዘካ የለበትም። እቅዳቸውን ያራዘሙ ብዙ ቤተሰቦች ባንክ ያለውን ብር እንደ ብሎኬቱ ይቆጥሩታል።

በኪራይ የምትኖሩ "የእኛ ጓሮ የለ" ትሉ ይሆናል። በአንድ ግቢ አራት አምስት ተከራይ በሚኖርበት መንደር መሃል ያለችው ልብስ የሚሰጣባት ቦታ የሁሉም ናት፤ የማንም አይደለችምና ማንም አይጠርጋትም። አከራዩን አስፈቅዳችሁ ከመግሪብ በፊት ገመዱን ብታነሱና ብትጠርጓት አራቱ ቤት በአንድ ሰሌን ሊያፈጥር ይችላል። ሙስሊም ያልሆነው ጎረቤትም ሾርባውንና ሳምቡሳውን አይጠላም፤ የጎረቤት ሐቅ እሱንም ይመለከታል።

የዳሱን አንድ ጎን የምናሳርፍበት ስናጣ የቀረን የሟቹ ጎረቤታችን ግንብ ነበር። ጎረቤት በግድግዳው ላይ እንጨት ሊያሳርፍ ሲፈልግ እንዳይከለከል ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ማዘዛቸውን ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል፤ ግዴታ ነው ወይስ የተወደደ ነው በሚለው መዝሀቦች ተለያይተዋል። እኔ ያንን ሀዲስ ስንት ጊዜ አስተምሬዋለሁ፤ የእሳቸውን በር ማንኳኳት ግን ከበደኝ። ሁለት ቀን አዘገየሁት። በሦስተኛው ባለቤቴ ቀድማኝ ሄደች፤ እኔም ተከተልኳት።

እትዬ ወጥተው ግንቡን አዩት፤ ከዚያ እኔን አዩኝ። "እሳቸው ቢኖሩ አጣናውን ራሳቸው ይዘው ያቆሙልዎ ነበር" አሉኝ። ሌላ ነገር አልተናገሩም፤ እኔም የምመልሰው አጣሁ። በመጀመሪያው የጾም ቀን ልጄን ልከን አስጠራናቸው። ተምራቸውን በመሐረም ቋጥረው ይዘው መጡ፤ ከግንቡ ሥር፣ እንጨቱ ካረፈበት በኩል ተቀመጡ። ከዚያ ወዲህ አንድ ምሽት ብቻ ነው የቀሩት፤ እሱም አሟቸው ነበር፣ ሾርባውን ልጆቹ በግንቡ ላይ አሻገሩላቸው።

ፌሮው አሁንም ጥጉ ላይ አለ። ዋጋው ሲረጋጋ እንሠራለን፣ ኢንሻአላህ።