«አልቃሻ ዘፈን» ለሚሉን

ሰሞኑን በመኝታ ቤታችን ክርክር ተነሥቶ ነበር። የጉና ብርድ አላስተኛን ሲል የማሕሙድ አሕመድን «ኧረ መላ መላ» ከፍተን እንሰማለን። አንዳንድ ጓደኞቻችን ታዲያ «ይህን አልቃሻ ዘፈን ዝጉልን! ሴባስቶፖል በተሠራበት አገር፣ በቴዎድሮስ ከተማ ተቀምጦ ስለ ሴት ማልቀስ ምን ይሉታል? ወጣቱን ልፍስፍስ ያደረገው ይኸ ነው» አሉን። መልሳችን እነሆ።

በቴዎድሮስ ከመጣችሁብን ከቴዎድሮስ እንጀምር። ባለቤታቸው ተዋበች ዓሊ እ.ኤ.አ. በ1858 ሲሞቱ ንጉሡ ክፉኛ አዝነዋል፤ ኀዘናቸውንም ከሰው አልደበቁም። ልፍስፍስ ነበሩ እንዴ?

ወደ ሸክላው እንምጣ። እ.ኤ.አ. በ1975 በካይፋ ሬከርድስ የታተመ ነው፤ ያጀበውም አይቤክስ ባንድ ነው። ደርግ ሥልጣን በያዘ ማግስት፣ ሰዓት እላፊ ታውጆ፣ አደባባዩ ሁሉ ሰልፍና መፈክር በሆነበት ጊዜ አንድ ድምፃዊ ወጥቶ «መላ» አለ። እ.ኤ.አ. በ1986 ቤልጂግ አገር ክራምድ ዲስክስ ለውጭ አድማጭ አደረሰው፤ ኋላም የኢትዮፒክስ ሰባተኛ ቅጽ ሆነ። የዚያን ዘመን የሰልፍ መዝሙር ሌሊት ከፍቶ የሚሰማ ካለ እስቲ እጁን ያውጣ!

መላ ማለት ብልሃት ነው፣ መውጫ ነው። «ኧረ መላ» የሚል ሰው የሰው ያለህ እያለ ነው። የፋርጣም የእስቴም ሰው ይህን አሳምሮ ያውቃል። አዝማሪው ማሲንቆውን ሲገዘግዝ፣ ልቡ የቆሰለው ከጥግ ሆኖ «ተቀበል!» ይልና ግጥሙን ይወረውራል። አዝማሪው ይቀበለዋል፤ ቤቱ ሁሉ ይሰማዋል፤ ሸክሙም ይቀላል። ከአራቱ ቅኝቶቻችን አንዱ ስሙ ትዝታ ነው። አልቃሻ ካላችሁን እንግዲህ ከአያቶቻችን ጋር ተጣሉ!

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ከመካከላችን «አልወድህም» የተባለ ወንድ ምን ያደርጋል? አንዳንዱ በር ላይ ቆሞ ይጠብቃታል፣ ይዝትባታል፣ ይባስ ብሎም እጁን ያነሣባታል። «ወንድ ልጅ አይናቅም» ይላላ! እህቶቻችን ማታ ከቤተ መጻሕፍት ሲመለሱ የሚፈሩት እሱን ነው። መሸነፍን ማንም አላስተማረውም፤ ዕንባ ነውር ነው እየተባለ አድጓል። ይህ ዘፈን ግን የተተወ ሰው ማንንም ሳይጎዳ እንዴት እንደሚያዝን ያሳያል። ይህን የመሰለ ትምህርት በየትኛው ክፍል ተሰጥቶን ያውቃል?

እርግጥ እኛም ጥፋት አለብን። ጆሯችን ላይ ማዳመጫ ሰክተን፣ ብርድ ልብስ ተከናንበን፣ ለየብቻችን እንቆዝማለን። አዝማሪ ቤት ግጥም የሚቀበል ሰው ነበር፤ የእኛ ኀዘን ግን ተቀባይ አጥቷል። ልትወቅሱን ከፈለጋችሁ በዚህ ውቀሱን፤ እንሰማለን።

ዘፈኑን ግን አንዘጋም። ልቡ የተሰበረ ጓደኛ ካለ መጥቶ አልጋችን ጫፍ ላይ ይቀመጥ፤ የሆዱን አውጥቶ ይናገር። «ተቀበሉ» ይበለን፤ እንቀበላለን።