ተራራ ለወጣት ብቻ ነው ያለው ማነው?

እሁድ ማለዳ፣ ገና አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ጥግ ይዘው ሰው የሚጠብቁ ሚኒባሶች አሉ። ወደ ወንጪ የሚሄዱ ናቸው። ወይ ወደ መናገሻ ሱባ። አንገታችሁን አስግጋችሁ ወደ ውስጥ ብታዩ ከሃያ እስከ ሠላሳ ምናምን ዓመት ያለ ሰው ብቻ ነው። ስኒከር፣ የጀርባ ቦርሳ፣ ስፒከር (ወይ ያ ስፒከር!)። እናት የለችም። የስድስት ዓመት ልጅ የለም።

ቤተሰብስ? ቤተሰብ ቢሾፍቱ ነው። ለሐይቁ ጀርባውን ሰጥቶ ጥብስ እየጠበቀ ነው። ከጥብሱ ጋር ጠብ የለኝም። ግን መቀመጥ የቤተሰብ፣ መራመድ የወጣት ነው ብሎ ያከፋፈለን ማነው?

አንዱን ምክንያት እናውቀዋለን። ብዙዎቹ ወላጆቻችን ገጠር ነው ያደጉት። ውሃ ለመቅዳት፣ ትምህርት ቤት ለመድረስ፣ ገበያ ለመሄድ ስንት ዳገት ወጥተዋል። ለእነሱ የእግር መንገድ ያመለጡት ነገር ነው። «መኪና እያለ በእግር? ያውም ገንዘብ ከፍሎ?» ሲሉ እየቀለዱ አይደለም። ይሄን አከብራለሁ። ሁለተኛው ምክንያት ግን የወላጆቻችን ሳይሆን የጉዞ አዘጋጆች ነው፤ እሱን ማክበር ያቅተኛል።

የዛሬ ሁለት ዓመት ጥቅምት ላይ እናቴንና የእህቴን ልጅ ይዤ ወንጪ ወረድኩ። ማስታወቂያው «ለሁሉም የሚሆን ቀላል ጉዞ» ይላል። ቀላል ለማን? ወንጪ እኮ የእሳተ ገሞራ አፍ ነው። ሐይቁ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,900 ሜትር ግድም ላይ ነው የተኛው፤ በዙሪያው ያለው አፋፍ ደግሞ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። እንደሌላው ተራራ መጀመሪያ ወጥተህ ስትመለስ አትወርድም። መጀመሪያ ትወርዳለህ፤ ዳገቱ የሚመጣው ጉልበት ካለቀ በኋላ፣ አየሩ በሳሳበት ነው። ይሄን ማስታወቂያው ላይ ለመጻፍ አንድ መስመር ይበቃ ነበር።

መሪያችን «ቶሎ ቶሎ በሉ፣ ወደ ኋላ አትቅሩ» ይላል። ወደ ኋላ የቀረነው እኛ ነን። በኋላ የገባኝ ሌላ ነገር ነው፦ እናቴ ቀኑን ሙሉ ውሃ ያልጠጣችው ሽንት ቤት የት እንዳለ የነገራት ስለሌለ ነው። እሷም አልጠየቀችም። በዚያ ሁሉ ጎረምሳ መሃል እንዴት ብላ ትጠይቅ?

የታደገን አንድ የአካባቢው ልጅ ነው። «እማማ፣ ፈረስ ይሻልዎታል» አላት። ዋጋ ተከራክራ (ግማሽ አስቀንሳ!) ተቀመጠች። ሕፃኑም ከፊቷ። የወንጪ ሰዎች በማኅበር ተደራጅተው በፈረስና በጀልባ እንግዳ ሲያስተናግዱ ስንት ዘመናቸው። መንደሩን የተባበሩት መንግሥታት የቱሪዝም ድርጅት በ2014 ዓ.ም ከዓለም ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች ተርታ ያስገባውም በከንቱ አይደለም። በጀልባ ተሻግሮ የደሴቱን ቂርቆስ መሳለም አለ፤ ከዚያም አልፎ ፍል ውሃውና ፏፏቴው አለ። እግር ለደከመው የሚሆን መንገድ ድሮም ነበር ማለት ነው። ቡድናችን ግን ፈረስ የተቀመጠን ሰው የተሸነፈ አድርጎ ነው የሚያየው።

እና ከፈረሱ ላይ ሆና ምን ስታደርግ ዋለች? ዛፍ ስትቆጥር። «ይሄ ኮሶ ነው። ያ ጽድ። ያኛው እንሰት ነው፣ ሙዝ እንዳይመስልህ።» የእህቴ ልጅ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው የተወለደው። የሚያውቀው ዛፍ «ዛፍ» የሚባለውን ብቻ ነበር። መሪያችን ያን ቀን የአንድም ዛፍ ስም አልጠራም። እናቶችን ከሚኒባሱ ስናስቀር የምናጣው ይሄንን ነው፤ ጫካውን በስሙ የሚያውቀውን ሰው ቤት አስቀምጠን ፎቶ ልንነሳ እንሄዳለን።

ከሕፃንና ከአረጋዊ ጋር ለሚጀምር ሰው እኔ ከወንጪ በፊት ሱባን ነው የምመክረው። በሰበታ በኩል ነው፣ ከ50 ኪሎ ሜትር ብዙም አይርቅም። አፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን የጽድ ዘር ከወፍ ዋሻ አስመጥተው አስተከሉት የሚባል ጫካ ነው። ጽዱና ዝግባው ጥላ ነው፣ ጉሬዛው ከላይ ይዘላል፣ ዕድለኛ ከሆናችሁ ድኩላ ታያላችሁ። ትልቁ ነገር ግን መንገዱ መመረጡ ነው፦ ወደ ፏፏቴው የሚወስደውን አጭሩን ይዞ መመለስ ይቻላል። የወጨጫን አናት (3,385 ሜትር!) ጉልበት ላለው ተዉለት።

ጊዜም ምረጡ። መስከረምና ጥቅምት ፏፏቴው ሙሉ ነው። ሐምሌ ላይ ጭቃው ልጅ አያስኬድም፣ የካቲት ላይ ደግሞ ፏፏቴ ብለው የወሰዷችሁ ቦታ ክር የምታህል ውሃ ልታገኙ ትችላላችሁ። ከመውጣታችሁ በፊት የመንገዱን ሰላም ጠይቁ። ባለፉት ዓመታት ወደ ምዕራብ ሸዋ የሚወጣ ሰው ይሄን ጥያቄ መዝለል እንደማይችል ሁላችንም እናውቃለን።

አዘጋጆች ሆይ፣ «ቀላል»፣ «መካከለኛ»፣ «ከባድ» የምትሉትን ተዉልን። ስንት ሰዓት እንደሚያስኬድ ጻፉ፤ ግን በእናንተ እግር ሳይሆን በስድስት ዓመት ልጅ እግር ለክታችሁ። ዳገቱ በመሄጃው ነው በመመለሻው ንገሩን። ፈረስ ካለ ዋጋውን ጨምሩበት። ከመሪዎቻችሁ አንዱን ደግሞ ከኋላ አስቀሩ፣ የመጨረሻው ሰው ብቻውን እንዳይሆን።

ዘንድሮም ጥቅምት ላይ እናቴን ይዤ መሄዴ አይቀርም። ስልክ ስደውልላችሁ ዋጋውን አይደለም መጀመሪያ የምጠይቀው። ሽንት ቤቱ የት ነው?