ሁለት ዲስክ ሁለት ቅጂ አይደለም

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይባላል። በአንድ ላፕቶፕ ላይ ብቻ የተቀመጠ የነጋዴ ሒሳብ ግን እንደ ጽሑፍ ቢቆጠርም ለመወረሱ ዋስትና የለውም። ዲስኩ የቆመ ዕለት ዱቤውም፣ ደረሰኙም፣ ውሉም አብረው ይቆማሉ።

ከአዳማ 17 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በምትገኘው መልካሳና በአካባቢዋ ቦሎቄ፣ በቆሎና ሽንኩርት የሚነግድ ሰው የዱቤ መዝገቡን፣ የሚዛን ወረቀቱን፣ የደላላ ኮሚሽኑንና የባንክ ሰነዱን ወደ ኮምፒውተር ማዛወሩ መልካም እርምጃ ነው። ችግሩ ሒሳብ ሠራተኛዋ በአንዱ ኮምፒውተር፣ የመጋዘን ኃላፊው በሌላው፣ ባለቤቱ ደግሞ በስልኩ ሲይዙት ነው። ፋይሉ በፍላሽና በቴሌግራም ሲዘዋወር ይውልና የመጨረሻው የቱ እንደሆነ የሚያውቅ ይጠፋል። ሁለት ጊዜ የተከፈለ ሒሳብና ሳይሰበሰብ የቀረ ዱቤ የሚመጣው ከዚህ ነው።

ለዚህ መፍትሔ ሆኖ የቀረበው የኔትወርክ ማከማቻ ሳጥን ነው። ሳጥኑ ሁለት፣ አራት ወይም ከዚያ በላይ ሃርድ ዲስክ ይይዛል፤ ከራውተሩ ጋር በገመድ ይገናኛል፤ የቢሮው ኮምፒውተሮች ሁሉ ከአንድ ቦታ ይሠሩበታል። ትልቁ ጥቅሙ ኢንተርኔት ቢቋረጥም በቢሮው ውስጥ ሥራ አለመቆሙ ነው። እንደሚታወሰው፣ ከሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንታት ገደማ ተቋርጦ ነበር። ሰነዱን በክላውድ ብቻ ላስቀመጠ ነጋዴ ያ ወቅት የገዛ ሒሳቡ የተቆለፈበት ወቅት ነበር ለማለት ይቻላል።

ሆኖም «ሁለት ዲስክ ስላለው ሰነድ አይጠፋም» የሚለው የሻጮች ቃል ግማሹ ብቻ እውነት ነው። ሁለት ባለ 4 ቴራባይት ዲስኮች አንዱ የሌላው ግልባጭ እንዲሆን ሲደረጉ የሚገኘው ቦታ 8 ሳይሆን 4 ቴራባይት ነው። አንዱ ቢሞት ሌላው ሥራውን ይቀጥላል፤ ጥቅሙ ይኸው ነው። ሠራተኛ በስሕተት የሰረዘው ፋይል ግን ከሁለቱም እኩል ይሰረዛል። ሌባ ሳጥኑን ሲያነሳ ሁለቱንም ይወስዳል፤ እሳትም አይመርጥም። በጥር 2014 ዓ.ም. «ዴድቦልት» የተባለው ቫይረስ ለኢንተርኔት ክፍት ሆነው የተተዉ የታይዋኑ ኪውናፕ ኩባንያ ሳጥኖች ውስጥ እየገባ ሰነድ በመቆለፍ ከየባለቤቱ 0.03 ቢትኮይን ቤዛ ጠይቋል።

የግብርና ምርምር ማዕከሏ እ.ኤ.አ. በ1969 በተቋቋመው መልካሳ ምሳሌው ከዘር ቢወሰድ ይቀላል። በሶርያ፣ አሌፖ አቅራቢያ የነበረው የኢካርዳ የዘር ባንክ በጦርነቱ ምክንያት እንደ ቀድሞው መሥራት ተሳነው። ተቋሙ ግን አስቀድሞ የዘሩን ቅጂ በኖርዌይ ስቫልባርድ አስቀምጦ ስለነበር እ.ኤ.አ. በ2015 ከዚያ አውጥቶ በሊባኖስና በሞሮኮ ዳግም ለማብዛት ቻለ። ሥራውን ያዳነው የአሌፖው መጋዘን ጥንካሬ ሳይሆን ሌላ አገር የነበረው ቅጂ ነው።

እዚህ ላይ የዋጋ ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። ሳጥኑም ዲስኩም ከውጭ የሚገቡ ናቸው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ዶላር በብር ሲተመን እጅግ ንሯል። ስለዚህ ነጋዴው በጀቱን ሁሉ ለሳጥኑ ማዋል የለበትም። ባለ አራት ዲስኩን ከመግዛት ባለ ሁለቱን ገዝቶ በተረፈው ገንዘብ ዩፒኤስና ተንቀሳቃሽ ዲስክ ማሟላት ይሻላል። ዩፒኤሱ መብራት ድንገት ሲሄድ ሳጥኑ በወጉ እንዲዘጋ ጊዜ ይሰጣል። ተንቀሳቃሽ ዲስኩ በየሳምንቱ ሰነዱ ከተገለበጠበት በኋላ ከሳጥኑ ተነቅሎ ከቢሮ ውጭ ማደር አለበት፤ ቢሮው መልካሳ ከሆነ ዲስኩ አዳማ ይደር። በአንድ ኮምፒውተር ብቻ የሚሠራ ነጋዴ ደግሞ ሳጥን አያስፈልገውም፤ እየተፈራረቁ የሚገለበጥባቸው ሁለት ተንቀሳቃሽ ዲስኮች ይበቁታል።

የቀረው ወጪ የለውም። ለእያንዳንዱ ሠራተኛ የራሱ የይለፍ ቃል ይሰጠው። ሳጥኑ በቀጥታ ለኢንተርኔት ክፍት አይሁን። በወር አንድ ጊዜ ከተንቀሳቃሽ ዲስኩ አንድ የቆየ ፋይል ተከፍቶ ይታይ፤ ተሞክሮ ያልታየ ቅጂ ይኑር አይኑር አይታወቅምና። ይህንንም ለቴክኒሻን ጥሎ መቀመጥ አይገባም። ባለቤቱ የካዝናውን ቁልፍ ማን እንደያዘ እንደሚያውቅ ሁሉ ዲስኩ የት እንዳደረም ማወቅ ይኖርበታል።

የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 የሒሳብ መዝገብ የመያዝ ግዴታ ያለበት ግብር ከፋይ ሰነዱን ለዓመታት ጠብቆ እንዲያቆይ ያዛል። ኦዲተር በር ላይ ቆሞ «ኮምፒውተሩ ተበላሽቶ ነው» ማለት የጠፋውን ደረሰኝ አይመልስም፤ ባለ ዕዳውም ወረቀት የሌለውን ዱቤ ቢክድ ማስረጃ አይገኝለትም። በዚያን ጊዜ ዲስክ ፍለጋ መሮጥ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ለነጋዴው ዛሬ አንድ ዲስክ ከቢሮ አውጥቶ ማሳደር ነው።