ለቁንጫው ብለን ድመቷን

ዛሬ አይጥ ትያዝልን ብለን ስለምናሳድጋት፣ ልጆቻችን ግን እቅፋቸው ውስጥ ስለሚያስተኟት ድመት ጥቂት ላጫውታችሁ።

ድመቷ ቁንጫ ስታመጣ የብዙዎቻችን እጅ ቶሎ የሚሄደው ለትኋንና ለበረሮ ወደገዛነው መርዝ ነው። አንዷ ዱቄቱን ትነሰንስባታለች፣ ሌላዋ ፍሊት ትነፋባታለች፣ ነጭ ጋዝ የምትቀባም አለች። እኔም ብሆን ከዓመታት በፊት ከውሻችን የተረፈውን የቁንጫ ጠብታ «ቁንጫ ያው ቁንጫ ነው» ብዬ ድመታችን ማጅራት ላይ አፈሰስኩት። ጥቂት ሰዓት ሳይቆይ ለሃጯ ይዝረከረክ፣ እግሯም ይንዘፈዘፍ ጀመር። የእንስሳት ሐኪም ደርሶላት ተረፈች እንጂ ለልጆቼ ምን እንደምላቸው ጨንቆኝ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። በብዙ የውሻ ጠብታዎች ውስጥ ፐርሜትሪን የሚባል መድኃኒት አለ። የውሻ ጉበት ይህን ሰባብሮ ያስወግደዋል፤ የድመት ጉበት ግን ይህ አቅም ስለሚያንሰው መርዙ ሰውነቷ ውስጥ ይቆይና ነርቯን ይመታል። በዚያ ላይ ድመት ራሷን ስትልስ ነው የምትውለው፤ ጠጉሯ ላይ ያደረግነው ሁሉ መድረሻው ሆዷ ነው። ነጭ ሽንኩርት አብሏት የሚባለውንም ምክር አትስሙ፤ የድመትን ደም ይጎዳል።

ታዲያ ምን ይሻላል? ጥርሱ ጥቅጥቅ ያለ ማበጠሪያ ያዙና በየቀኑ አንገቷንና የጅራቷን ሥር አበጥሩ፤ የተያዘውን ቁንጫ የሳሙና ውሃ ውስጥ ንከሩት። ለትንንሽ ግልገሎች ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከዚህ አትለፉ። ግን ቁንጫ ሲበዛባቸው ደማቸው ተመጥጦ ሊሞቱ ስለሚችሉ፣ ድዳቸው ከነጣ ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ሐኪም ውሰዷቸው።

ዋናው ሥራ ያለው ግን ቤት ውስጥ ነው። የቁንጫ እንቁላል ከድመቷ ላይ እየረገፈ በመኝታዋ፣ በምንጣፉና በወለሉ ስንጥቅ ውስጥ ይገባል። ከዚያ የሚፈለፈለው ትል ራሱን ሸፍኖ ለወራት ሊደበቅ ይችላል። ጠፋልን ስንል ተመልሶ የሚፈላው በዚህ ምክንያት ነው እንጂ መድኃኒቱ ስለከሸፈ ብቻ አይደለም። ስለዚህ የምትተኛበትን ጨርቅ በየሳምንቱ በሙቅ ውሃ እጠቡ፤ ምንጣፉን አውጥታችሁ አራግፉ፤ አልጋ ሥር ሳይቀር ጥረጉ። ሁለት ሦስት ወር መታገሥ ያስፈልጋል (መቼም የቤት ሥራ አልቆ አያውቅም)። ቁንጫ የኮሶ ትልም ያስተላልፋል። ድመቷ ስትልስ ትውጠዋለች፣ ወለል ላይ የሚጫወት ሕፃንም አልፎ አልፎ ሊውጠው ይችላል። በጅራቷ አካባቢ የሩዝ ፍሬ የመሰለ ነገር ካያችሁ ለሐኪሙ ንገሩ።

መድኃኒት ካስፈለገ ፊፕሮኒል ወይም ሴላሜክቲን ያለበት፣ በማሸጊያው ላይ ለድመት መሆኑ የተጻፈ ይሁን፤ መጠኑም በክብደቷና በዕድሜዋ ይወሰን። ውሻም ካላችሁ እሱንም በራሱ መድኃኒት አክሙት፤ የተቀባው እስኪደርቅ ግን ድመቷ አትጠጋው።

የውሻው ጠብታ ድመቷ ላይ ፈስሶ ከሆነ ለብ ባለ ውሃና በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና እጠቧት፣ አድርቃችሁ በፎጣ ጠቅልሏትና የመድኃኒቱን ዕቃ ይዛችሁ ወደ ሐኪም ሩጡ። መንዘፍዘፉ እስኪጀምር አትጠብቁ።