ሞተሩ ተቀየረ፤ ፍሬኑን ማን አየው?

ሰሞኑን በምግብ አዳራሽም በመኝታ ክፍልም አንድ ክርክር ተነሥቷል። ነገሩ የቤንዚን ሞተሩ ወጥቶ የናፍታ ሞተር ስለ ገባበት አገር አቋራጭ መኪና ነው። አንዳንድ ወንድሞቻችን እንዲህ ያለውን መኪና «ዲቃላ» ይሉታል፤ መንግሥት በአዋጅ ይከልክለውና እንገላገል ባዮች ናቸው። እኛ በዚህ አሳብ አንስማማም። ምክንያታችንንም ለአንባቢ ማቅረብ ተገቢ መስሎ ታይቶናል።

የክርክሩ መነሻ ለመስክ ጥናት ወደ ወሎ ያደረግነው ጉዞ ነው። የተሳፈርንበት የኪራይ መኪና ያረጀ ላንድክሩዘር ሲሆን፥ የቤንዚን ሞተሩ ወጥቶ ከተገለበጠ የአይሱዙ ጭነት መኪና የተወሰደ የናፍታ ሞተር ተገጥሞለታል። ዳገቱን እንዴት እንደ ወጣው ሁላችንም ምስክር ነን። ነገር ግን ጣርማ በርን አልፈን ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል ስንወርድ፥ ሹፌሩ ፍሬኑን በሁለት እግራቸው ሲረግጡ አየን። «ጋሼ፥ ፍሬኑ ምን ሆኖ ነው?» ብለን ብንጠይቃቸው፥ «ሞተሩ ከተቀየረ ወዲህ ደንድኗል፤ እግሬ ለምዶታል፤ እናንተ ዝም ብላችሁ ተቀመጡ» አሉን። ዝም ብለን ተቀመጥን። ጸሎት አላውቅም የሚለው ጓደኛችን እንኳ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ታይቷል።

ደብረ ሲና ደርሰን ቆሎ ስንገዛ፥ ሹፌሩ ኮፈኑን ከፍተው አሳዩን። ነገሩ እንዲህ ነው። የቤንዚን ሞተር አየር የሚስበው በመዝጊያ ክዳን በኩል ስለ ሆነ፥ ከክዳኑ ወዲያ የመሳብ ኃይል ይፈጠራል፤ ፍሬኑን የሚያግዘው ሰርቮ የሚሠራውም በዚሁ ኃይል ነው። እንዲህ ያለው የናፍታ ሞተር ግን አየሩን የሚያፍን ክዳን የለውም። ስለዚህ ፋብሪካው ለፍሬኑ ሲል ሌላ የአየር መሳቢያ ፖምፓ ይጨምርለታል፤ በብዙ የአይሱዙ ሞተሮች ላይ ይህ ፖምፓ ከዲናሞው ጀርባ ተያይዞ ይገኛል። የጭነት መኪናው በ24 ቮልት፥ ላንድክሩዘሩ በ12 ቮልት የሚሠሩ በመሆናቸው መካኒኩ የአይሱዙን ዲናሞ ፈትቶ በላንድክሩዘሩ ዲናሞ ተካው። መብራቱ በራ፤ ባትሪው ሞላ፤ ሞተሩ ተነሣ። ፖምፓው ግን ከተፈታው ዲናሞ ጋር ጋራዥ ውስጥ ቀረ። ሰባት ተማሪዎች በዚያ ገደል አፋፍ ላይ በሹፌሩ የእግር ጉልበት ብቻ ወረድን ማለት ነው።

ታዲያ ይህ የሚያሳየው ሞተር መቀየር ክፉ መሆኑን ነው? አይደለም። የአውስትራሊያ ጦር ሠራዊት እ.ኤ.አ. ከ1987 ጀምሮ የተረከበው «ፐሬንቲ» የተባለው ላንድሮቨር በእንግሊዝ አካል ውስጥ የገባ 3.9 ሊትር የአይሱዙ ናፍታ ሞተር ነበር። ዲቃላ ከተባለ ከዚህ የበለጠ ዲቃላ ከየት ይመጣል? የሕንዱ ማሂንድራም የአሜሪካኖቹን ጂፕ ሲገጣጥም ኖሮ፥ በ1980ዎቹ የፈረንሳዩን የፔዦ ናፍታ ሞተር አገባበት። በእንግሊዝ አገር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣው ዲስከቨሪ አካሉ በዝገት ሲበላ ሞተሩ ደኅና ሆኖ ስለሚተርፍ፥ ባለቤቶች እያወጡ በድሮው ላንድሮቨር ላይ ይገጥሙታል። የድሮው ካምቢዮ ያን ያህል ጉልበት አልለመደምና አንዳንዱ ይሰበራል። አሜሪካኖቹ ዳቦ ከሚያከፋፍሉ መኪኖች የከሚንስን አራት ፒስቶን ሞተር አውጥተው በጂፕ ላይ ይጭናሉ፤ ክብደቱ ከ300 ኪሎ የሚበልጥ በመሆኑ የፊት ባሌስትራውን ሳያጠነክር የሚገጥም ሰው መኪናው በአፍንጫው ይደፋበታል።

ልዩነቱ ያለው ሥራው ካለቀ በኋላ በሚሆነው ነገር ላይ ነው። በአውስትራሊያ እንዲህ ያለው ለውጥ የተፈቀደለት መሐንዲስ አይቶ ካልፈረመበት መኪናው በሕጋዊ መንገድ አይነዳም። በአሜሪካ ሕጉ አጥብቆ የሚይዘው ጭሱን ነው፤ የሚገባው ሞተር ለዚያ ዓይነት መኪና የተፈቀደና ከመኪናው ዘመን ያላነሰ መሆን አለበት። በእኛ አገር የሞተሩ ቁጥር በሊብሬው ላይ ይጻፋል። መልካም ነው፤ ሌባ ለመያዝ ይረዳል። ቁጥሩ ግን ፖምፓው የት እንደ ቀረ አይናገርም።

በጥር 2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍታ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ሲነገር፥ ያለውን መኪና አኑሮ የመጠቀሙ ነገር ይበልጥ ግድ ይሆናል ብለን ገምተን ነበር፤ ዛሬም ይህንኑ እናምናለን። ገበሬው ጋ የሚደርሰው መኪና ሞተሩ ሲሞት ባለቤቱ ሌላ ሞተር መፈለጉ አይቀርም። እንዲህ ያለውን ሥራ መከልከል ሥራውን ከዋናው ጋራዥ ወደ ጓሮ ማስገባት ነው፤ በጓሮ ደግሞ የሚጠይቅም የሚያርምም የለም።

የምህንድስና ተማሪ ወዳጆቻችንን ግን አንድ ነገር እንጠይቃቸው። የሞተር ጉልበት በወረቀት ታሰላላችሁ፤ ስንቶቻችሁ ናችሁ መፍቻ ይዛችሁ የምታውቁት? ያ «ደነዝ» ያላችሁት መካኒክ የከባድ መኪና ሞተር በሰንሰለት አንጠልጥሎ፥ ማያያዣውን ራሱ ቆርጦ፥ ካምቢዮውን አስማምቶ አስነሥቶታል። ያልነገሩት አንዲት ነገር ብቻ ነች፤ እሷን ደግሞ እናንተ በሁለተኛው ዓመት ተምራችኋታል። የትምህርት ክፍሉ ወርክሾፕ ቅዳሜ ቅዳሜ ለእነዚህ ሰዎች ቢከፈት፥ የፊት አክስሉ ክብደት ከለውጡ በፊትና በኋላ ቢመዘን፥ ፍሬኑ ቢለካ፥ ለመመረቂያ ጽሑፍ ከዚህ የተሻለ ርእስ አለ?

ላንድክሩዘሩን ላከራየን ሰው ስለ ፖምፓው በቃልም በጽሑፍም ነግረነዋል። «እስከ ዛሬ ምን ሆነ?» አለን። በሚመጣው ወር ሌሎች ተማሪዎች በዚያው መኪና ወደ ወሎ ይሄዳሉ።